ከጨው በረዶ ሥር ያለው ሰው

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙም ባልራቀ ወቅት፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ዘርጋው የሚባል ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር። በወጣትነቱ ታንክ ነጂ ነበር፤ ለሥልጠና ሶቭየት ተልኮ የዚያን አገር የብርድ ወራት እዚያው አሳልፏል። ከተመለሰ በኋላ ወታደርነቱን ትቶ ከበርሜልና ከጣሳ ምድጃና ባልዲ እየሠራ ሦስት ወንዶች ልጆች አሳደገ። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች። ሱቁ ሁለት ሰው ከቆመበት ክርን ለክርን የሚያጋጭ ነው፤ ሁለት መዶሻ አይችልም። ልጆቹ ደግሞ ሌላ ምንም የላቸውም። ሱቁን ያላገኘ በማግሥቱ ጎዳና ነው።

ሳንባው አልቆ አልጋ ሲይዝ ሦስቱንም ጠራቸው።

«ታንኬን እዚያ በረዶ ላይ አቁማችሁ አሳዩኝ። በትንሹ፣ ጣውላ ላይ፣ ከነሰዎቿ። ወደዚያ የመለሰኝ የሱቁን ቁልፍ ይወስዳል።»

«ፎቶ አይበቃም አባባ?» አለ ታናሹ።

«ፎቶ ብፈልግ ፎቶ አንሺ እወልድ ነበር።»

ብቻቸውን እንደማይወጡት ገባቸውና ተከፋፈሉት። ታንኩን አስናቀ፣ በረዶውን ምትኩ፣ ሰዎቹን ጥጋቡ ያዘ።

የአስናቀ ስጦታ እጁ ነው። ጎማዎቹን ከጠርሙስ ቆርኪ ቆረጠ፣ ሰንሰለቱን ከአሮጌ የእጅ ሰዓት ማሰሪያ አወጣ፣ አፈሙዙን ከእስክሪብቶ ቀፎ ሠራ። አካሏ ላይ ሲደርስ ተቸገረ። የዛሬ ላሜራ በጠባቡ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል፤ የድሮው ነው የሚታዘዘው። የድሮው ደግሞ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እናታቸው መቃብር ላይ። ዘርጋው በገዛ እጁ ስሟን ቀጥቅጦ ያቆመላት ምልክት ነበር። አስናቀ በጠራራ ፀሐይ ፒንሳውን ይዞ ሄደ፣ ነቀለው፣ ስሟን በመዶሻ ደመሰሰው።

ምትኩ ሲቆጣው አስናቀ «ወጥታ የምታነበው መሰለህ እንዴ?» አለው።

ታንኩ ከአንድ ጥንድ ጫማ አይበልጥም። ግን ያየው ሁሉ ወደ ኋላ ፈንጠር ይል ነበር።

ምትኩ ዓይን ተሰጥቶታል፤ ያየውን ነገር አስመስሎ ያደርገዋል። ችግሩ የዚያን አገር በረዶ አላየም። እሱ የሚያውቀው ከዝናብ ጋር ወርዶ ጣሪያ የሚደበድበውን ጠጠር ነው። ጥጥ ቢዘረጋ ትራስ መሰለ። ዱቄት ቢነሰንስ አይጥ ላሰው። ጄሶ ቢያፈስ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። አልፎ አልፎ በቀን ሥራ ሥጋ ይሸከም ነበርና አንድ ቀን አባቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አዘለው፤ ሥጋው የሚከማችበት የማቀዝቀዣ ክፍል አስገባውና በሩን ዘጋ።

«ምን ይታይዎታል?»

ሽማግሌው ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ነጭ አይደለም። ጥላው ሰማያዊ ነው» አለ።

«ሌላስ?»

«አውጣኝ ልጄ።»

«ሌላስ፣ አባባ?»

«ሲረግጡት እንደ ጨው ያንኮሻኩሻል።»

ያኔ አወጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘርጋው ሲያስል ደም ይተፋ ነበር። ምትኩ አሞሌ ወቀጠ፣ ነፋ፣ ልብስ ማንጫውን ሰማያዊ ዱቄት በቁንጥጫ ቀላቀለበት፣ ጣውላው ላይ ሸንተረርና ጉድባ አድርጎ አፈሰሰው። አይተውት የማያውቁትም በረዶ ነው አሉ።

«ጨው ላሜራ ይበላል፣ ታንኬን ታዝግብኛለህ» አለው አስናቀ።

«አባባ እስኪዝግ አይቆዩም ባክህ።»

ጥጋቡስ? የጥጋቡ ስጦታ ምላሱ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከጠየቀ ግድግዳም ይመልስለታል። አባቱ ትኩሳት ሲነሳበት «ባዩ፣ ባዩ» እንደሚል ሰምቷል። ሐኪሙ መጠጥ በአፉ እንዳይዞር ብሎ ነበር። ጥጋቡ ግማሽ ጠርሙስ አረቄ ይዞ አልጋው ጫፍ ተቀመጠ።

«ለብርዱ ነው አባባ፤ አንዲት መለኪያ ብቻ።»

በአራተኛው መለኪያ ላይ ባዩ ማን እንደሆነ ጠየቀ። ዘርጋውም ነገረው። ባዩ የታንኩ አጉራሽ፣ መድፉን ጥይት የሚያጎርሰው፣ ነበር። ዘርጋው በጉም ውስጥ ወደ ኋላ ሲነዳ አንድ ነገር ሥሩ ተንቋቋ፤ ግንድ መሰለው። ወርዶ ቢያይ ባዩ ነው። ማንም ሳያይ በረዶ አለበሰው። ለአለቃው «ከድቶ ጠፍቷል» አለ። በረዶው ሳይቀልጥ ወደ አገር መለሷቸው። የባዩ እህት ወይዘሮ አልጣሽ እዚያው ሰፈር አለች፤ አርባ ዓመት የከዳተኛ እህት ተብላለች። ዘርጋው በየዓመቱ ምድጃ በነፃ ይሠራላታል። እሷም ደግ ሰው ብላ ትመርቀዋለች።

ጥጋቡ ሻማ አቅልጦ ሦስት ወታደሮች ሠራና ጨው ላይ አቆማቸው። አራተኛውን ጠፍጥፎ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ አድርጎ፣ ከሰንሰለቱ ኋላ ቀበረው። ለወንድሞቹ አልነገረም። ቀጥሎ ወይዘሮ አልጣሽ ቤት ሄዶ፣ «ሃምሳ አለቃ ታመዋል፤ ረቡዕ ጠዋት መጥተው ይጠይቋቸው» አላት።

ሐምሌ ነው። ሰኞ ጣውላውን አልጋው ፊት አቀረቡለት። ዘርጋው ተነስቶ ተቀመጠ፤ አፈሙዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ይቺ ናት። ሞተሯ ይሰማኛል» አለ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሲያያት ዋለ። እህልም ቀመሰ። አስናቀ ቁልፉ የእኔ ነው ይላል፣ ምትኩ የእኔ ነው ይላል፣ ጥጋቡ ረቡዕን ይጠብቃል።

ጨው ግን እርጥበት ይስባል። ረቡዕ ጠዋት በረዶው አልቅሶ፣ ጎድጉዶ፣ ውሃው በጣውላው ጠርዝ ይንጠባጠብ ነበር። ወይዘሮ አልጣሽ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ነበርና በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርገው ጎንበስ አለች።

«ይሄኛውስ ለምን ተኛ?» አለች።

ዘርጋው አየ። ከጨው የወጣችውን እጅ አየ፣ ልጆቹን አየ።

«ባዩ ነው» አለ። ከዚያ ሳትጠይቀው ሁሉንም ነገራት።

አላለቀሰችም። «ጮኸ?» አለችው።

«ሞተሩ ይጮህ ነበር። አልሰማሁም።»

«አርባ ዓመት በምድጃህ አበሰልኩ» አለችና ወጣች።

ዘርጋው የዕድሩን ዳኛ አስጠርቶ ቁልፉን እጁ ላይ አኖረ። «ወደዚያ መልሰውኛል። የመለሰኝን ለይተህ ስጠው» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ሥልስቱ እንዳለቀ ወንድማማቾቹ ድንኳኑ ውስጥ፣ ለቀስተኛው ፊት፣ ዳኛውን ያዙት።

«ታንኩ ባይኖር ጨው የተደፋበት ጣውላ ነው» አለ አስናቀ። «ገና ሲዳስሳት ሞተሯን የሰማው በእኔ ነው።»

«በረዶው ባይቀልጥ ማን ያይ ነበር?» አለ ምትኩ። «አርባ ዓመት ያልቀለጠውን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ።»

«እናንተ አሻንጉሊት ሠራችሁ» አለ ጥጋቡ። «እሱ የጠየቀው ያቺን ቦታ ነው፤ ያቺ ቦታ ደግሞ ያለ ባዩ የለችም።»

አንዱ ለቀስተኛ «ሦስቱም ገድለውታል፣ ለማናቸውም አይሰጥ» አለ። ሌላው «እሱስ ምን የሠራ ሰው ነው? ያገኘው የሚገባውን ነው» አለ። ወይዘሮ አልጣሽም መጥታ ነበር፤ ሌሎቹ ሴቶች መሀል ተቀምጣ ንፍሮ ትቆረጥማለች። አንዲት ጎረቤቷ «ቁልፉ የሚገባው ለእሷ ነው» ስትል ሰማች።

«ሱቅ ምን ይሠራልኛል?» አለች። «ወንድሜን ስጡኝ፣ ልቅበረው።»

የሻማውን ሰው ግን ጥጋቡ ኪሱ ከቶታል፤ ማስረጃዬ ነው፣ ቁልፉ ሳይሰጠኝ አላወጣውም አለ።

ዳኛው ቁልፉን እንደጨበጠ ቆሟል። እናንተ በሱ ቦታ ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር? የእናቱን ስም ቀጥቅጦ ታንክ ላደረገው? አባቱን በብርድ አሰቃይቶ በረዶውን ላወጣው? ወይስ እውነቱን በአረቄ ስቦ ጨው ውስጥ ለቀበረው?