አራተኛው መስኮት

በእኛ በአፋሯ ከተማ በሎግያ ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ተቀምጠው አንደኛው "ይሰጠኝ እንጂ እኔ አልሰጥም፤ ወይ ፍንክች!" ያለ እንደሆነ የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። የጥንት ሰው የተረታት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ተሳስተዋል! ስትወለድ ብረት መቁረጫ ይዤ ከአጠገቧ የቆምኩት እኔ ነኝ።

አንድ የሰኔ ቀን ከጋራዤ ደጅ ቤት የተሸከመ መኪና መጥቶ ቆመ። ቀልዴን አይደለም፤ በአሮጌ የጭነት መኪና ላይ በላሜራ የተሠራ፣ አልጋና ምድጃ ያለው ቤት ነው። ሾፌሩ አቶ ድልነሳሁ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ አመለወርቅ አስም አለባቸውና አልጋው ላይ ተደግፈው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። አፍዴራ የምታስተምር ልጃቸው የበኩር ልጇን የምትወልድበት ቀን ደርሷል። አራስ ቤት እናት ካልገባች ማን ይገባል?

"ቤቱ አየር የለውም። በዚህ በበሩ በኩል አንድ መስኮት አለው፤ ሌላ ጨምርልኝ" አሉኝ አቶ ድልነሳሁ።

"በየት በኩል?"

"እዚያው ጎኑ ላይ!"

ቆረጥኩ። ምንም የለም። ሦስተኛ ጨመርኩ፤ ያው እቶን ነው። ውጭ ነፋሱ አቧራ ያንከባልላል፣ ውስጥ መጋረጃው እንኳ ንቅንቅ አይልም።

"ወዲያ ማዶ ባለው ግድግዳስ ብንሞክር?" አልኳቸው።

"ምን ማለትህ ነው!" ብለው ጮኹብኝ። "ነፋስ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ከወጣ፣ መሀል ያለውን ሰው መትቶ ነው የሚያልፈው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገደኛው 'ንፋስ መታን፣ መስኮት ዝጉ' ሲለኝ የኖረው በከንቱ ነው?"

እውነት ለመናገር እኔም የደጋ ልጅ ነኝና ነፋሱን ፈራሁት። ሴትዮዋ ግን "ልጄን ሳላይ መመለሴ ነው" እያሉ ያለቅሳሉ፤ ለልቅሶው እንኳ ትንፋሽ አልበቃቸውም።

በዚህ መሀል የፍየል ወተት የሚሸጡልን እማማ አስያ መጡ። አፋር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ቤታቸውን በገዛ እጃቸው በሰሌን እየሠሩ፣ እየነቀሉና በግመል ጭነው ሌላ ቦታ እየተከሉ ነው። መኪናውን ዞረው አዩና ሳቁ።

"የእናንተ ግመል ናፍጣ ይጠጣል እንጂ ቤታችንስ አንድ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ከመስኮቶቹ ፊት ለፊት ያለውን ድፍን ግድግዳ በመዳፋቸው መቱት። "እዚህ ቁረጥ።"

አቶ ድልነሳሁ ግድግዳው ፊት እጃቸውን ዘርግተው ተገተሩ። "ልትገድሏት ነው!"

"ድሌ" አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ ከአልጋው፣ "እየሞትኩ ያለሁት እኮ አሁን ነው። ተዋቸው።"

ሰውዬው እጃቸውን አወረዱ። እኔም ቆረጥኩ።

ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! የተቆረጠው ላሜራ ወደ ውጭ ሲወድቅ መጋረጃው ባንዴ ተነሣ። የሴትዮዋ ነጠላ ከትከሻቸው ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ቀኑን ሙሉ ደጅ ቆሞ የዋለው ነፋስ፣ ማንም ሳይገፋው ቤቱን ሞልቶ አለፈ። ብረት ስቆርጥ ሃያ ዓመቴ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ሳላስበው አማተብኩ። ወይዘሮ አመለወርቅ አንዴ አየር ሳቡ፣ ደገሙ። ቀና ብለው ተቀመጡና "በሉ እንሂድ፣ ልጄ ትጠብቀኛለች" አሉ።

አቶ ድልነሳሁ ቆባቸውን አውልቀው እማማ አስያ ፊት እጅ ነሡ። "እናቴ፣ ይህን ማን አስተማረዎ? እኔ እኮ መግቢያ ስጨምርለት ነው የዋልኩት።"

እማማ አስያ የወተት ጀሪካናቸውን አንሥተው ወደ ደጅ እያዘገሙ፣ ዘወር እንኳ ሳይሉ፣ "መውጫ የሌለው ቤት፣ ነፋስ አይገባበት" አሏቸው።