ዝም ብሎ የሄደው ባለ በሬ

አንድ ገበሬ ነበረ። ምንዋጋው ልጄ፣ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። የቆመ መኪናህን ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ገጨው። ኢንሹራንሶቹ ደግሞ «አቋቋምህ ነው ጥፋቱ፣ አንከፍልም» አሉህ። አንተም «ልከራከር ወይስ ለእግዜር ትቼ ልቀመጥ?» አልኸኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የኢንሹራንስ ነገር አይገባኝም። የገበሬውን ግን አውቃለሁ።

ጥሩ ሰው ነበረ። በአገሩ የከብት እድር ነበረ። እህል ሲገባ ሁሉም ከአውድማው ይሰፍራል፤ የአንዱ በሬ ገደል ሲገባ የተሰፈረው እህል ተሽጦ ሌላ በሬ ይገዛለታል። ባለቤቱ ቸል ብሎት የሞተ በሬ ግን አይተካም። ሕጉ ይኸው ነበር። ገበሬው ሳያጓድል ይሰፍራል፤ ለሌላው በሬ ሲገዛም ከፊት ነበረ።

አንድ ክረምት በሬውን ከውኃ ሲመልስ፣ ገደሉን ይዞ የሚሄደው መንገድ ከበሬው እግር ሥር ተናደ። በሬው ወደቀና ሞተ። አብሮት የነበረ ጎረቤት አይቷል። የተናደው አፈርም እዚያው ነበር፤ ሄዶ ለሚያይ ይታያል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እድሩ ተቀመጠ። የእድሩ ዳኛ ቦታውን አላየም። በሬው አርጅቶ ይሆናል ተባለ፤ በጭቃ አጣድፎ ነድቶት ይሆናል ተባለ። አንዱማ፣ በሬው የዚህን ሰው እርሻ ሰልችቶት ነው የዘለለው ብሎ ሰውን አሳቀ። በመጨረሻ ዳኛው «ቸል ብለህ ነው፤ አይተካም» አለ።

ያየው ጎረቤት እዚያው ተቀምጧል። ተነሥና ተናገር ቢለው ይናገር ነበር። ኑና ቦታውን እዩ ቢላቸውም ሩቅ አልነበረም። ገበሬው ግን መከራከሩ ውርደት መሰለው። ጋቢውን አራግፎ ተነሣ፤ «ለእግዜር ሰጥቻለሁ» አለና ሄደ። ሰውም ጨዋ ነው አለው። ይህን ሲሰማ ደስ ሳይለው አልቀረም።

ጥፋቱ የባለቤቱ ነው ስለተባለ መንገዱን የሚያስብ ጠፋ። እንደተናደ ቀረ። ያየው ጎረቤትም አገር ለቆ ሄደ።

በዓመቱ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በሬ እዚያው ቦታ ወደቀ። ከሱ ሌላ የላትም። እድሩ ሲቀመጥ እሷ አላፈረችም፤ ቆማ፣ መንገዱ ተንዶ ነው አለች። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያለፈውን ፍርድ እንደ ሕግ ይዞት ነው። ወደ ገበሬው እየጠቆመ «እሱ እንኳ እዚያው ወድቆበት ተቀብሎ ሄዷል። ላንቺ ሌላ ሕግ እናውጣ?» አላት።

ገበሬው ያን ጊዜ ተነሣ። «እኔ አልተቀበልሁም። መንገዱ ነው የተናደው» አለ። ዳኛው፣ ያን ጊዜ ለምን አላልህም፣ አሁን ለሷ አዝነህ ነው አለው።

ሴትዮዋ ዘወር ብላ አየችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ወንድሜ፣ አምና ይህን ብትል መንገዱ ይጠገን አልነበረም?» አለችው።



ገበሬው በማግስቱ ዶማ ይዞ ሄዶ መንገዱን ሠራ። እስከ ዛሬ ከብት ያልፍበታል። የሴትዮዋ በሬ ግን ሳይተካ ቀረ፤ የምታርስበት ስላጣች መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጠች፤ ከዚያ ወዲያም በገዛ በሬዋ አላረሰችም።

እንግዲህ ምንዋጋው፣ አንተም ጋቢህን አራግፈህ ልትነሣ ነው። ለእግዜር መስጠት መልካም ነበር። ያ ገበሬ ግን የሰጠው ለዳኛው ነው። ስለዚህ ተመልሰህ ሂድ። የከለከሉህ በምን እንደሆነ ጽፈው ይስጡህ። መኪናውን ሳታስጠግን እሱንም ቦታውንም ይዩልህ፤ አደጋውን ያየውን ሰው ሳይርቅብህ ይዘኸው ሂድ። አትሳደብ። እነሱ ባይሰሙህ ከበላያቸው ያለውን ጠይቅ፤ እሱም ባይሰማህ ፍርድ ቤት አለ። ምናልባት አሁንም አይከፍሉህ ይሆናል፣ አላውቅም። ብቻ ነገ ሌላ ሾፌር እዚያው የኢንሹራንሶቹ መስኮት ላይ ቆሞ ሲናገር፣ «ምንዋጋው እንኳ ተቀብሎ ሄዷል» እንዳይሉት።