የተለያዩትና የተለዩት

አንድ ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ትታለት ሞታለች። ሴቷ የመካከል ልጅ ነበረች።

ይህን የምነግርሽ፣ ፈትለወርቅ፣ ትናንት ስለጠየቅሽኝ ነው። ለእናንተ ለአዋላጆቹ ሥልጠና ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ላይ ስለ ሽል እጅ የሚናገረውን አነበብሽና «ቲቸር፣ እዚህ ጋ አንድ ፊደል ተረስቷል መሰለኝ» አልሽ። ጽሑፉ «ጣቶቹ ተለያዩ፤ በመካከላቸው የነበሩት ህዋሳት ተለዩ» ይላል። «የመጀመሪያው ተለያዩ ከሆነ ሁለተኛው ለምን ተለዩ ሆነ? ተለዩማ ሞቱ ማለት ነው» አልሽኝ። ከኋላሽ የተቀመጠው ሰውዬ «ድንኳን እንትከል እንዴ?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እኔም አብሬ የሳቅሁ መስዬ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍሁ። መልሱን በሰው ፊት መናገር አልሆነልኝም።

የገበሬው ወንዶች ልጆች ከአንድ ማዕድ እየበሉ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም ነበር። ታላቁ «ያንን ሰው፣ ጨው አቀብለኝ በይው» ይላል። ታናሹ «ጨው ከመጠየቁ በፊት የትናንቱን ስድቡን ያንሳ በይው» ይላል። እህታቸው ከወዲህ ወዲያ ቃል ታመላልሳለች፤ ስታመላልስ ግን እሾሁን እየነቀለች ነው። በዚህ ምክንያት ቤቱ ደም ሳይፈስበት ኖረ። ነገር ግን አንዳቸውም አላገቡም፤ አንዳቸውም የእኔ የሚሉት ማሳ አልነበራቸውም። ሽማግሎች መጥተው መሬቱን ተካፈሉ ሲሏቸው «እሷ ከማን ጋር ትሆናለች?» ብለው ይጣላሉ፤ እሷው መልሳ ታስታርቃቸዋለች። ጎረቤቱ «ሁለት ፍየል በአንድ ቆዳ» እያለ ያላግጥባቸው ነበር።

ገበሬው አረጀ። አንድ ቀን ልጁን ወደ ማሳው ጠራትና «ልጄ፣ አንቺ እዚህ እያለሽ እነዚህ ሁለቱ ሰው አይሆኑም» አላት።

«ምን አጠፋሁ አባዬ?»

«ምንም። አጥፍተሽ ቢሆን ቀላል ነበር። ከተማ አክስትሽ ዘንድ ሂጂና ተማሪ። እኔ እንደላክሁሽ ካወቁ ተከትለው ይመልሱሻል። ትምህርት ወድዳ ጥላን ሄደች ይበሉ።»

«እስከ መቼ?»

ገበሬው ጎንበስ ብሎ አረም መንቀል ጀመረ።

ልጅቷ ሄደች። ወንድሞቿ መጀመሪያ ተደባደቡ፤ የታላቁ ክንድ ተሰበረ። ኋላ ግን ቃል የሚያመላልስላቸው ሲያጡ ፊት ለፊት ለመነጋገር ተገደዱ። መሬቱን ተካፈሉ፣ ድንበር አበጁ፣ አገቡ፣ ወለዱ። አሁን የአንዱ በሬ ሲታመም ሌላው ያውሰዋል። የእህታቸው ስም ሲነሳ ግን ሁለቱም በአንድ አፍ «ተምራ ናቀችን» ይላሉ።

አባቷ የሞተ ጊዜ፣ ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ ታላቁ ወንድሟ ደወለላት። «አባታችን ተለየን» አላትና ዘጋው። የተማረች ናትና ቃሉን እየበታተነች አየችው። በ«ተለየን» መጨረሻ ያለው «ን» እሷን ይጨምር፣ አይጨምር፣ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ፣ ፈትለወርቅ። ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም፤ ትምህርት ወድጄ የመጣሁ ይመስለዋል። ከመጣሁ በኋላማ ወደድሁት። ይህን ስናገር ለምን እንደማፍር አላውቅም።

ምሳሌውን ልፍታልሽ። የሽሉ እጅ መጀመሪያ እንደ አካፋ ነው፤ ጣቶቹ በሥጋ ተያይዘዋል። በመካከላቸው ያሉት ህዋሳት የሚሞቱት ታመው ወይም በድለው አይደለም። ጣቱ ጣት እንዲሆን ነው የሚሄዱት። ቢቀሩ ሕፃኑ ጣቶቹ እንደተጣበቁ ይወለዳል፤ አንቺም በማዋለጃ ክፍል አጋጥሞሽ ይሆናል። ለመለያየት ሁለት መሆን ያስፈልጋል፤ የሚለይ ግን ብቻውን ይለያል። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ተዪው፤ ፊደል አልጎደለውም። ጣቶቹ ወንድሞቼ ናቸው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ ማርያም ጣት እያልን ለጣቶች ሁሉ ስም አውጥተናል፤ በመካከላቸው ለነበረው ግን ስም የለንም።

ህዋሱ ከሄደ በኋላ የሚያስበው ነገር የለም። እኔ ከህዋሱ የምለየው በዚህ ብቻ ነው፤ እኔ አሁንም ይጠሩኝ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ።