ማን ቀረ ባዩ አያ ሽባባው

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ጆሮ ያለው ይስማ፣ ጆሮው የደከመ ጎረቤቱን ይጠይቅ። ድሮ፣ ድንጋይ ተንተርሶ እንቅልፍ በሚጠገብበት ዘመን፣ ወይራ አፋፍ በምትባል መንደር አያ ሽባባው የሚሉት ሰው ነበር። ርስት የለው፣ ሹመት የለው፤ ቃጫ እየገመደ ገመድ ይሠራል። ቤተሰብ ቢሉት ያለችው አንዲት የእህቱ ልጅ ናት፤ አንጓች ትባላለች። እናትሽን ሕመም ገደላት እየተባለች በአጎቷ እጅ አደገች።

ከመንደሩ ሥር ወንዝ አለ። ወንዙ ሲሞላ አያ ሽባባው ገመዱን ከዛፍ ዛፍ ይወጥራል፣ ገበያተኛውም እሱን ይዞ ይሻገራል። ሁሉም ካለፈ በኋላ አያ ሽባባው ከወዲያ ማዶ የታሰረውን ጫፍ ፈትቶ ወገቡ ላይ ያስራል፤ ከወዲህ ያሉት ጎትተው ያሻግሩታል። ከመፍታቱ በፊት ግን ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። «ማን ቀረ?»

ወንዝ ላይ ብቻ አይደለም። በር ሲዘጋ «ማን ቀረ?» ይላል። እንጀራ ሲቆረስ «ማን ቀረ?» ይላል። ቤት ያሉት እሱና አንጓች ብቻ ሆነውም ይጠይቃል! ልጅቷን ነገሩ ይከነክናት ነበር።

«አያ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ እንዲህ የሚሉት?»

«ስትዳሪ እነግርሻለሁ» ይላታል።

አንድ ሐምሌ ገበያተኛው ተሻግሮ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ከወዲህ ሆኖ «ፍታው! ሁሉም አልፏል!» ብሎ ጮኸ። እሱ ደግሞ ቸኩሎ ያልተሳሳተበት ቀን የለም። አያ ሽባባው «ማን ቀረ?» አለ። «ማን ቀረ?» አለ። ሳቁበት። «ማን ቀረ?» ሲል ከቁጥቋጦ ጀርባ ብርቄ የምትባል ሸክላ ሠሪ ብቅ አለች። በዚያ ዘመን፣ ይቅር ይበለንና፣ ሸክላ ሠሪ ከሰው አይቆጠርም ነበር። እሷም ሰዉ ሳይጨርስ አልሻገርም ብላ ተሸሽጋ ኖሯል። እሷ ዳር ወጣች፣ እሱም ተጎትቶ ወጣ፣ ጎርፉም ደረሰ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ በኅዳር፣ ያለ ወሩ ዝናብ መጣ። መንደሩ በደቦ ወጥቶ የሁሉንም እህል አጨደ። አያ ሽባባው «ማን ቀረ?» አለ። ሰዉ ማጭዱን መጥረግ ያዘ። «ማን ቀረ?» አለ። አንዱ እያጉረመረመ «የጓንጉል» አለ። ጓንጉል በድንበር ተጣልቶ ከደቦ የተባረረ ሰው ነው። አያ ሽባባው ማጭዱን አንሥቶ ብቻውን ሄደ። ጥቂት ቆይተው የቀሩትም አፈሩና ተከተሉት።

አንጓች ይህን ሁሉ ታያለች። ምን ቢያውቅ ነው እንዲህ የሚጠይቀው? እያለች ትገረማለች።

በመጨረሻ ከወንዙ ማዶ ባል መጣላት። ፋሲካ አልፎ በሚያዝያ ተደገሰ። በሠርጉ ቀን ደጋው ዘንቦ ወንዙ ደፍርሶ ዋለ፤ አያ ሽባባው ገመዱን ወጠረ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ተሻገረ። እልልታው ቀለጠ። ገመድ ጎታቾቹም እልልታውን ሰምተው ሙሽራውን ተከትለው ወደ ዳሱ ሮጡ። አያችሁ ልጆቼ፣ ሆድና ዘፈን ሰውን እንዲህ ያስረሳል።

ሙሽራ በሠርጓ ቀን አትናገርም፤ ቀና ካለችም ነውር ነው። አንጓች ተሸፋፍና ተቀምጣለች። ድፎው ተባረከ። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች፤ የሚጠይቅ ድምፅ የለም። ድፎው ተቆረሰ። አሁንም የለም። ብድግ ብላ መሸፈኛዋን ገለጠች።

«ማን ቀረ?»

እልልታው ቀጥ አለ። ጭቃ ሹሙ «ኧረ ይህች ልጅ ምን ነካት!» አለ።

«ማን ቀረ?»

ሰዉ ተያየ። ብርቄም አለች፣ ጓንጉልም አለ።

«ማን ቀረ?»

«ጠያቂው!» አለና ጓንጉል ወደ ወንዙ በረረ።

አያ ሽባባው ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ውኃው መካከል ድንጋይ አቅፎ ነበር። የሚጎትት አጥቶ፣ ጎርፉ ደረቱ ላይ ደርሶ። ጓንጉል ጎተተ፣ ብርቄ ጎተተች፣ ሙሽራዪቱም ከነካባዋ ጎተተች። ወጣ። አንጓች ካባዋን አልብሳው አጠገቡ ተቀመጠች።

«አያ፣ ይኸው ተዳርኩ። ይንገሩኝ።»

አቀርቅሮ «እናትሽን ሕመም አልገደላትም» አለ። «የገበያ ቀን ነበር። ሁሉም አልፏል አሉኝ፣ ሳልጠይቅ ፈታሁት። እህቴ ገና መንገድ ላይ ነበረች። አንቺ ቤት ታለቅሻለሽ፤ ልጄን ላጥባ ብላ ያለ ገመድ ገባች።»

አንጓች ተቆጣች፤ አለቀሰችም። ከዚያ ያ ሁሉ ጥያቄ ማንን ሲፈልግ እንደኖረ ገባት። ሻካራ እጁን ይዛ «እኔንስ ማን አሻገረኝ፣ አያ?» አለችው። ያን ጊዜ እሱም አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ በወይራ አፋፍ ሙሽራ ሳትጠይቅ ድፎ አይቆረስም። ሌላውን ሁሉ ዝም ትላለች፤ መሸፈኛዋን ገልጣ ግን «ማን ቀረ?» ትላለች። ዳሱም «ጠያቂውስ?» ብሎ ይመልሳል፤ ደግሶ ደፋ ቀና የሚለው ሰው ተፈልጎ መጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹም ሲመርቁ «ጠያቂን የሚጠይቅ አይጥፋ» ይላሉ።

እኔም የሰማሁትን አደረስኩ። እንግዲህ ከመነሣታችን በፊት፣ እስቲ አንዳችሁ ጠይቁልኝ።