የሦስቱ እቴጌዎች ጥብጣብ

አንድ ጊዜ፣ ታላቁ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ በነጭ ድንጋይ በተሠራ ከተማ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ አንበሶች ይገዙ ነበር። ከመጡ ብዙ ትውልድ ቢያልፍም የአባቶቻቸውን ቋንቋ አልተዉም፤ የሚያገሡት እንኳ በግሪክኛ ነበር ይባላል። የወንዶቹ ሁሉ ስም ሊዮንዮስ ነው። አባት ሊዮንዮስ፣ ልጅ ሊዮንዮስ፣ አጎት ሊዮንዮስ። አገሬው ግራ ሲገባው «እናቱን ወዳዱ ሊዮንዮስ»፣ «ቦርጫሙ ሊዮንዮስ» እያለ በቅጽል ስም ይለያቸው ነበር።

እነዚህ አንበሶች የወርቅ ዘውድ አይጭኑም። የንግሥናቸው ምልክት አንድ ነጭ ጥብጣብ ነው፤ ግንባርን ዞሮ ከማጅራት በላይ ይታሰራል። አንበሳ ደግሞ ምንም ቢበረታ መዳፉ የራሱ ማጅራት ጋ አይደርስምና ሌላ እጅ ያስፈልገዋል። ወንድሙ እንዳያስርለት፣ የዚያ ቤት ወንድማማቾች ጥብጣብ ሲይዙ ከግንባር ወደ ጉሮሮ የማውረድ ክፉ ልማድ ነበረባቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሊዮንዮስ በግቢው መካከል በቆመ ድንጋይ ላይ እንዲህ ብሎ አስቀረጸ፦

«ጥብጣቡን ከቤታችን ሴቶች በቀር ማንም አይሰር። እነሱ ያሰሩለት ይነግሣል። ንጉሥ በሞተ በሰባተኛው ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ ካልታሰረ፣ ማኅተሙን ጸሐፊው ይውሰድ።»

እንግዲህ ሥልጣኑ ማን ጋ እንዳለ አያችሁ። ወንዶቹ ዙፋን ላይ ይቀመጣሉ፤ ቋጠሮው ግን የሴቶቹ ነው። ያሰረ መፍታትም ይችላልና፣ በዚያ ቤት ንጉሥ ለመቆጣት ሲነሣ እንኳ አስቀድሞ የእናቱን ፊት ያይ ነበር።

አሥራ አንደኛው ሊዮንዮስ አንድ ቀን ከልክ በላይ በልቶ ሞተ። ሦስት ሴቶች ተረፉ፤ እናቱ እቴጌ ኤውሪዲቄ፣ ሚስቱ እቴጌ አፓማ፣ ሴት ልጁ ልዕልት ፊላ። ወራሹ የፊላ ወንድም፣ አሥራ ሁለተኛው ሊዮንዮስ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፋት አያውቅም። ችግሩ ከዋሽንቱ በቀር ሌላ ነገርም አያውቅም። አባቱ ሲቀበር ነፋ፤ ከቀብር ሲመለሱም ነፋ።

የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ቀበሮ ነበር። የቀብሩ ዕለት ወደ ሥጋ ቤቱ ኃላፊ ወደ ጅብ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ስድስት ቀን ብቻ ታገሠኝ» አለው።

«ስድስት ስንት ነው?»

«ከአምስት ቀጥሎ ያለው።»

«አምስትስ?»

ቀበሮ ይህን ተወው። «ብቻ ስማኝ። ሦስቱ ሴቶች ከተኳረፉ ጥብጣቡን የሚያስር የለም። የሚያስር ከሌለ ማኅተሙ የእኔ ነው። ማኅተሙ የእኔ ከሆነ ደግሞ፣ እቴጌ ኤውሪዲቄ ‹አህያ አይበላ› ብለው ያወጁትን አዋጅ እሰርዝልሃለሁ።»

«አህያ!» አለ ጅብ፤ ምራቁ ደረቱ ላይ ወረደ። «እኔ ምን ልሥራ?»

«ዝም በል። ሌላ ሥራ የለህም።»

ለጅብ ከዚህ የከበደ ሥራ አልነበረም።

ቀበሮ በመጀመሪያ ወደ ኤውሪዲቄ ገባና እጅ ነሣ። «እቴጌ ሆይ፣ ‹አሮጊቷ መዳፋቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጥብጣብ አስራለሁ ብለው የልጄን ዓይን ያጠፉታል› የሚል ወሬ ሰማሁ። እቴጌ አፓማ ናቸው ያሉት ብዬ ግን አልነግርዎትም» አለ።

ወደ አፓማ ሄደ። «እቴጌ ሆይ፣ ‹ከሌላ ቤት የመጣች ምራት የቤታችን ሴት አትባልም› ሲባል ሰምቼ አለቀስኩ። ማን እንዳለው አይጠይቁኝ» አለና፣ አፍንጫውን ወደ ኤውሪዲቄ በር አዞረ።

ፊላን ደግሞ «ልዕልት ሆይ፣ አያትዎና እናትዎ ባሕር ማዶ ላለ ጥርሱ ለረገፈ ድብ ሊድሩዎት ተስማምተዋል። መርከቡም ተዘጋጅቷል» አላት።

ወሬው የያዘው እውነት ስለመሰለ አይደለም። እያንዳንዷ ለብቻዋ የምትፈራውን ስለነካ ነው። ኤውሪዲቄ እርጅናዋን ትፈራ ነበር። አፓማ በዚያ ቤት ሃያ ዓመት ኖራም እንግድነት አልለቀቃትም። ፊላ ደግሞ በእሷ ዕድሜ ያለች የነገሥታት ልጅ ሁሉ እንደምትፈራው መርከብ ትፈራ ነበር። ሦስቱም በራቸውን ዘጉ። አንድ ቀን አለፈ፤ ሦስት ቀን አለፈ፤ ስድስት ቀን አለፈ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት እሜቴ አህያ እህል ጭና ወደ ግቢ ስትገባ፣ ጅብ ገመድ ይዞ መጣና ወገቧን ይለካ ጀመር።

«አያ ጅቦ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ዝም ብዬ ነው። ከሁለቱ ታፋዎችሽ የትኛውን ትወጃለሽ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የማትወጂውን አስቀድሜ እንድበላልሽ ብዬ ነዋ! ማን እንደ እኔ ያስብልሻል?»

አህያ ከገመዱ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «አዋጅ አለ እኮ!»

«ፀሐይ ስትጠልቅ ይሰረዛል። ቀበሮ ለሦስቱም አንዳንድ ውሸት ነግሮ አኳርፏቸዋል። የአሮጊቷን መዳፍ፣ የምራቲቱን እንግድነት፣ የልጅቷን ድብ… ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛልና አንቺም ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እኔ? እኔ አህያ ነኝ፤ ምን አውቄ እናገራለሁ?» አለችና፣ ጭነቷን እዚያው ጥላ እየጋለበች ሄደች። የፊላን በር በኋላ እግሮቿ ሁለት ጊዜ መታችው።

ፊላ ስትከፍት አህያ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሁሉንም ነገረቻት። «እመቤቴ፣ እኔስ ዕድሜዬን በልቻለሁ። ውርንጭላዬ ግን ገና ሦስት ወሯ ነው» ብላም አለቀሰች።

ፊላ ወደ አያቷ በር ሮጠች። «አያቴ፣ ክፈቺልኝ! ቀበሮ ዋሽቶሻል!»

«እናትሽ ናት የላከችሽ! አልከፍትም!» አለች ኤውሪዲቄ ከውስጥ።

ወደ እናቷ በር ሮጠች። «እማዬ፣ ክፈቺልኝ!»

«አያትሽ ናቸው የላኩሽ! ሂጂ ንገሪያቸው፤ የእንግዳ ቤት በር አይከፈትም በያቸው!»

ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘነበለች። ፊላ ግቢው መካከል ከአህያ አጠገብ ተቀመጠችና አሰበች። የአያቷንም የእናቷንም ጠባይ ታውቃለች። ኩርፊያ ይችላሉ፤ ረሃብም ይችላሉ። በመጥፎ የተቋጠረ ቋጠሮ አይቶ ማለፍ ግን ሁለቱም አይችሉም። በዚያ ቤት ባህል ጥብጣቡን የምትጠብቀው የሁሉ ታናሽ የሆነችው ሴት ናትና፣ ፊላ ከሣጥኑ አወጣችው።

«እሜቴ አህያ፣ ራስሽን ዝቅ አድርጊ» አለች።

«እመቤቴ! ይሄ እኮ የንጉሥ ነው!»

«ዝቅ አድርጊ ነው የምልሽ።»

ጥብጣቡን በአንድ ጆሮዋ ላይ አዙራ፣ በሌላው ሥር አሳልፋ፣ ግንባሯ ላይ ድፍን ቋጠሮ ቋጠረችው። «አሁን ጩኺ» አለቻት።

አህያ ጮኸች። ዓለምን የሚያነቃ ጩኸት ነበር። ሁለት መስኮቶች ተከፈቱ።

«ምን ጉድ ነው!» አለች ኤውሪዲቄ። «የአባቶቼን ጥብጣብ እንደ ጭነት ገመድ የቋጠረው ማነው?»

«እኔ ነኝ አያቴ። የሚያስተምረኝ አጥቼ ነው» አለች ፊላ አንገቷን ደፍታ።

ኤውሪዲቄ ራሷን አታውቅም፤ በሩን በርግዳ ወጣች። ቋጠሮውን ፈታችና ከቀኝ ጀምራ ታዞር ጀመር። አፓማ ከመስኮቷ ሆና ትንሽ ታገሠች፤ አልቻለችም። እሷም ወጣች።

«እቴጌ፣ ከግራ ነው እንጂ የሚጀመረው!»

«ከቀኝ ነው!»

«ለባሌ ሃያ ዓመት ከግራ ነው ያሰርሁለት!»

«ለካ ለዚህ ነው ልጄ አንገቱ ተጣሞ የኖረው!»

«ኧረ ቀስ በሉ፣ ጆሮዬ!» አለች አህያ። የሰማት የለም። አንዷ ትስባለች፣ አንዷ ታዞራለች፣ ፊላ ደግሞ ጫፉን ይዛለች። እንዲህ ሲጨቃጨቁ አፓማ ድንገት የኤውሪዲቄን እጅ አየችና ቆመች።

«እቴጌ፣ መዳፍዎ እኮ ከእኔ ይልቅ ይጸናል» አለች።

«ይንቀጠቀጣል ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ? ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

«ቀበሮ።»

«ለእኔ ደግሞ እርስዎ ‹ከሌላ ቤት የመጣች› አሉኝ ብሎ ነግሮኛል።»

ኤውሪዲቄ ጥብጣቡን እንደያዘች ወደ ምራቷ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «አፓማ፣ ልጄን ቀብሬ ስመለስ የማንን ክንድ ይዤ ነው የገባሁት? የሌላ ቤት ሰው ክንድ ነበር?»

አፓማ አማቷን አንገቷን አቅፋ አለቀሰች።

«ድቡስ?» አለች ፊላ ፈራ ተባ እያለች።

«የምን ድብ?» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ፊላ ስትነግራቸው ሳቅ ያዛቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እየሳቁም ቋጠሮውን ጨርሰው አጠበቁት፤ እንደዚያ ያማረ ቋጠሮ በዚያ ግቢ ታይቶ አያውቅም።

ፀሐይ የጠለቀችው ይሄኔ ነው። ለካ በሳቅና በልቅሶ መካከል ጊዜውን ረስተውታል!

የግቢው በር ተከፈተ። ቀበሮ ከፊት፣ ጅብ ገመዱን ይዞ ከኋላ፣ ከነሱም በኋላ ጉማሬው፣ አጋዘኑ፣ ዝንጀሮው፣ የወንዙ እንስሳት ሁሉ ገቡ። ወራሹ ሊዮንዮስ ከጥግ ተቀምጦ ዋሽንቱን ይነፋል፤ ግንባሩ ባዶ ነው።

«ሰባተኛው ቀን ተፈጸመ» አለ ቀበሮ። «ንጉሡ አልታሰረለትም። ማኅተሙን!»

ኤውሪዲቄና አፓማ ተያዩ። ሁለቱም ደነገጡ። አህያ ዓይኗን ጨፈነች። ፊላ ግን ወደ ድንጋዩ ሄደች።

«ጸሐፊ፣ ይህን አንብብልን» አለች።

«ሰባት ቀን ሙሉ ሳነብላችሁ ነው የሰነበትኩት! ‹ጥብጣቡን ከቤታችን ሴቶች በቀር ማንም አይሰር። እነሱ ያሰሩለት ይነግሣል…›»

«እዚያ ላይ ቁም። አንበሳ ይሁን ይላል?»

ቀበሮ አፉን ከፈተ። ድንጋዩን አየ፤ አህያዋን አየ፤ በነጭ ጥብጣብ ሥር የቆሙትን ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች አየ። እንደገና አነበበ። ድንጋዩ ያው ነው።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ያሰርነው እኛ ሦስታችን ነን» አለች ኤውሪዲቄ፤ ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። «ንግሥታችሁ እቻት!»

ጉማሬው ከሁሉ ቀድሞ ተንበረከከ። ከዚያ ሁሉም ተንበረከኩ። ጅብም ግራ ገብቶት ተንበረከከና ወደ ቀበሮ ጠጋ ብሎ «ታፋውስ?» ሲል ጠየቀ።

አህያ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «እመቤቴ፣ ምን ላድርግ?» ብላ ለፊላ አንሾካሾከች።

«እዘዢ፤ ሥልጣኑ ያንቺ ነው።»

አህያ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አንደኛ፣ አያ ጅቦ ከሥጋ ቤቱ ይሻር፤ ዛሬውኑ ወንዙን ይሻገር። ሁለተኛ፣ ቀበሮ ከጸሐፊነቱ ወርዶ ዓመት ሙሉ እህል ይሸከም፤ ጀርባ ምን እንደሚመስል ይወቀው። ሦስተኛ…» አለችና ራሷን ነቀነቀች፤ «ሦስተኛ፣ ይህን ነገር ለባለቤቱ እሰሩለት፤ ጆሮዬን አሳከከኝ።»

ጅብ ወንዙን ተሻገረ፤ በማያውቁት አገር ሄዶም ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ቀበሮ እስከ ዛሬ ወገቡን ያመዋል።

ኤውሪዲቄ ጥብጣቡን በልጁ ግንባር ላይ ያዘች፣ አፓማ አዞረች፣ ፊላ ቋጠረች። አሥራ ሁለተኛው ሊዮንዮስ «ዋሽንቴን ልተወው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ዛሬ ብትተወው ወዮልህ!» አለች አያቱ። «ተነሥና ንፋ!»

ነፋ። ጉማሬው በውኃው ውስጥ እስክስታ መታ፤ እሜቴ አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ግቢውን እየዞረች ዘለለች። ኤውሪዲቄ የምራቷን እጅ ይዛ ወደ መሐል ገባች። «ልጄ ከሞተ ወዲህ ዛሬ ገና ደስ አለኝ» አለቻት። «እኔም» አለች አፓማ።

ከዚህ የምንማረው፣ ወሬ አቀባይ ከቤተሰባችን መካከል ሲገባ በር ዘግቶ ከማኩረፍ ይልቅ ወጥቶ «እንዲህ ብለሻል ወይ?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ቤትንም መንግሥትንም እንደሚያድን ነው።