ሞንታርቦ የጫነችው መኪና

ለአራት ዓመት ልጆች በነጻ የተከፈተው የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል አርባ ወንበር ተሰናድቶለት የተመዘገቡት ሦስት ልጆች ብቻ ሆኑ። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ድንበሩ ተቆጡና ወላጆችን አዳራሽ ሰበሰቡ።

«ሞንታርቦ የጫነች መኪና ሳምንት ሙሉ በየሰፈራችሁ አስዙሬያለሁ! አልሰማሁም የሚል ካለ ይነሳ። ከሌለ ክፍሉን ዛሬውኑ ለሌላ ቀበሌ እሰጠዋለሁ።»

ሁሉም አቀረቀረ። አንዲት ጎመን ሻጭ ብቻ የአራት ዓመት ልጇን እንዳዘለች ተነሳች።

«አንቺ! መኪናዋ በደጅሽ አላለፈችም?»

«ኧረ በየቀኑ ታልፋለች ጌታዬ። እኔ ደጅ ስትደርስ ‹ክቡር አቶ ድንበሩ› ትላለች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ገና ማዕረግዎን አልጨረሰችም። ስለ ልጆቹ መናገር የምትጀምረው ድልድዩ ጋ ነው። የተመዘገቡት ሦስቱም የድልድዩ ዳር ልጆች ናቸው።»

ሰዉ ሳቁን ማፈን አቃተው። አቶ ድንበሩ ኮታቸውን አስተካክለው፣ «ታዲያ ሳምንት ሙሉ ምንም አልሰማንም ነው የምትሉኝ?» አሉ።

«ስለ እርስዎማ አንድም ነገር አልቀረንም። አራት ዓመትዎ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እናስመዘግብዎ ነበር።»