ዝናብ የነካው ኦፓል

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ። ጃርትና ቀበሮ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ከአንድ ጉድጓድ እያወጡ ገበያ ይሸጡ ነበር።

እመት ጅግራ ወደ ጃርት መጥታ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አነሳች።

«ውኃ ሲነካው ቀለሙ ይጠፋል» አላት ጃርት፤ «ሦስት ቀን ካደረቁት ግን ይመለሳል።»

ጅግራ ጥቂት አሰበችና ገዛችው። ቀበሮ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ሞኝ፣ ገበያህን በገዛ አፍህ ትዘጋለህ?»

እሱ ያንኑ ዓይነት ድንጋይ ለአያ ከርከሮ ሸጠ። ከርከሮ «ነውር የለበትም?» ሲለው፣ «ምንም የለበትም፤ ለባለቤትዎ ይውሰዱላት» አለው።

ጅግራና ከርከሮ ከገበያ ሲመለሱ ዝናብ ጣለባቸው። ሁለቱም ድንጋዮች ቀለማቸው ጠፍቶ ተራ ብርጭቆ መሰሉ። ጅግራ የራሷን ደጃፏ ላይ አስጥታ ጥሬዋን መልቀም ቀጠለች። ከርከሮን ግን ሚስቱ «ብርጭቆ ነው ያመጣህልኝ?» ብላ ስላኮረፈችው፣ ክራንቻውን እየሳለ ወደ ቀበሮ ቤት ገሰገሰ። ቀበሮ ከሩቅ ሲያየው ጓዙን እንኳ ሳይሸክፍ ወንዝ ተሻግሮ ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን የከርከሮ ሚስት ድንጋዩ እንደገና ሲያብረቀርቅ አየችና አንገቷ ላይ አሰረችው። ከርከሮም ደስ ብሎት ሊታረቀው ቀበሮን ፍለጋ ወጣ። ቀበሮ ግን ኮቴውን ገና ሲሰማ ሁለተኛውን ወንዝ ተሻገረ።